ላይብረሪው ተቆልፏል፣ ቴሌግራሙ ክፍት ነው

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ላይብረሪ ባንኮኒ ላይ «ኮፒራይት» የሚለው ቃል ትርጉሙን ቀይሯል። በሕጉ ላይ የደራሲ መብት ማለት ነው፤ ባንኮኒው ላይ ግን «አይቻልም» ማለት ሆኗል። ከገበያ ከጠፋ መጽሐፍ አምስት ገጽ ኮፒ ላድርግ? ኮፒራይት። የማስተርስ ጥናቱን ሶፍት ኮፒ ስጡኝ? ኮፒራይት። ገጹ እየረገፈ ያለውን መጽሐፍ ለምን ስካን አታደርጉትም? አሁንም ኮፒራይት። «አዋጁ ግን ምን ይላል?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ ዝምታ ነው።

እስቲ አዋጁን እንግለጠው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 12፣ ለላይብረሪዎች፣ ለቤተ መዛግብትና ለመሰል ተቋማት ተብሎ የተጻፈ ነው። ለትርፍ የማይሠራ ላይብረሪ ለጥናት ወይም ለምርምር ለሚጠይቅ ሰው የታተመ መጣጥፍን ወይም ከመጽሐፍ አጭር ክፍልን፣ የተቀመጡትን ሁኔታዎች እስካሟላ ድረስ፣ ባለመብቱን ሳያስፈቅድ ማባዛት ይችላል። የጠፋ ወይም የተበላሸ ቅጂን በአግባቡ ገዝቶ መተካት ካልተቻለም አባዝቶ መተካት ይችላል። ሕግ አውጪው በሩን ከፍቶ ሄዷል። የዘጉት ባለ ላይብረሪዎቹ ናቸው።

ይቀጥላል። በዚሁ አዋጅ የደራሲው የኢኮኖሚ መብት የሚጠበቀው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በስደት ያረፉት በ1931 ዓ.ም ነው፤ ቁጥሩን ደምሩት። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ እርሳቸውም ካረፉ ከ50 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የእነዚህን ሰዎች የመጀመሪያ እትሞች ስካን አድርጎ ለአገር ሁሉ ለመልቀቅ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስካነር፣ አንድ ሠራተኛና ትንሽ ድፍረት ነው።

የመመረቂያ ጥናቶቹስ? ጥናቱ የተማሪው ነው፤ መብቱም የእሱ ነው። ታዲያ ተማሪው ጥናቱን ሲያስረክብ «በኢንተርኔት እንዲለቀቅ ፈቅጃለሁ» የሚል አንድ ገጽ ቅጽ ማስፈረም ምን ያህል ከባድ ነው? አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሺህ የሚቆጠሩ ጥናቶችን በኦንላይን ማከማቻው አስቀምጧል፤ ስለዚህ «አይቻልም» የሚባል ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲም በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ጥናት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ያዛል። የትኛውም ኮሌጅ ጥናቶቹን በሲዲ ቀርጾ ቁም ሳጥን ውስጥ ሲቆልፍ ደራሲን እየጠበቀ አይደለም፤ አቧራ እየጠበቀ ነው።

እናስ? ተማሪው መጽሐፉን ሳያገኝ ይቀራል? በፍጹም። ስልኩን ያወጣል፣ ቴሌግራም ይከፍታል፣ ስሙን ይጽፋል። ትናንት የታተመ ልብ ወለድ ሳይቀር እዚያ ተደርድሯል። እዚህ ላይ እንዳንሳሳት፦ ዛሬ በሕይወት ያለ፣ መጽሐፉን በብድር ያሳተመ ደራሲ ሥራ በነፃ ሲበተን ስርቆት ነው፤ «እውቀት የጋራ ነው» የሚለው መፈክር ስርቆትነቱን አይሸፍነውም። ግን ላይብረሪው አምስት ገጽ በመከልከሉ ይህ ደራሲ ምን አተረፈ? አምስት ገጽ የተከለከለው ልጅ አምስት መቶ ገጹን አወረደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ በአደባባይ ተሟግቶበታል። ሕንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ፕሬሶች ከቴይለር ኤንድ ፍራንሲስ ጋር ሆነው በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤትን ከነዩኒቨርሲቲው ከሰሱ። ጥፋቱ ከመጻሕፍት የተወጣጡ ምዕራፎችን ጠርዞ ለተማሪ መሸጡ ነበር። ተማሪዎችና መምህራን ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጎን ቆሙ። ፍርድ ቤቱ በ2016 ለተከሳሾቹ ፈረደ፤ አሳታሚዎቹም በ2017 ክሱን ተዉት። የሕንድ ሕግ ለትምህርት የሚሰጠው ፈቃድ ከእኛው የሰፋ ነው፤ እንዳለ ይገልበጥ አልልም። የምለው፣ እነሱ መብታቸውን አንብበው ተከራከሩ፣ እኛ ሳይከሱን ተሸነፍን ነው።

የእኛም ሕግ ቢሆን ቀዳዳ አለው። አንቀጽ 12 የሚያወራው ስለ ማባዛት ነው፤ ላይብረሪው ስካን ያደረገውን በኔትወርክ ለተማሪው ስለማሳየት በግልጽ አይናገርም። በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ስለ ሮያሊቲ አሰባሰብ ብዙ ሲል ይህን ቀዳዳ አልደፈነም። ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል፦ አሜሪካ ውስጥ ኢንተርኔት አርካይቭ ስካን ያደረጋቸውን መጻሕፍት በማዋሱ በአራት አሳታሚዎች ተከሶ እ.ኤ.አ. በ2024 በይግባኝም ተረትቷል። ሌላም ወጥመድ አለ። የወረቀት መጽሐፍ ከተገዛ የላይብረሪው ነው፤ ኢ-ቡክ ግን በአብዛኛው የሚከራይ ፈቃድ ነው። ክፍያው ሲቆም መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ በሕግ የተፈቀደልህን ኮፒም ውሉ ሊከለክልህ ይችላል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕጓን ስታሻሽል ለምርምርና ለላይብረሪ የተሰጡ በርካታ መብቶችን ውል ሊሽራቸው እንደማይችል ደንግጋለች። እኛስ?

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች አንቀጽ 12ን አትመው ባንኮኒው ላይ ይለጥፉ። ጊዜው ያለፈበትን መጽሐፍ ሁሉ ስካን አድርገው ይልቀቁ። ለተመራቂው የፈቃድ ቅጽ ያዘጋጁ። ሕግ አውጪውም ላይብረሪ በግቢው ኔትወርክ ማሳየት የሚችለውን፣ ለደራሲው የሚከፈለውንም በቁጥር ይጻፍ።

እስከዚያው የአገሪቱ ትልቁ ላይብረሪ ቴሌግራም ነው። ካታሎግ የለውም፣ ለደራሲ አይከፍልም፣ ግን ቢያንስ «አይቻልም» አይልም።