«ቺንጋው ተቀየረ» አለኝ… እውነቱን ነው?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከሳሪስ ነው። ጸሐፊዋ ስሜ ይቆይ ብለዋልና ይቆይ። እንዲህ ይላሉ፦

«የእቁብ ብሬ ላይ ከዘመድ ተበድሬ ጨምሬ ቪትዝ ገዛሁና ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። እየሠራ በየሳምንቱ የተነጋገርነውን ያስገባልኛል። ባለፈው ወር ግን ‹ታይሚንግ ቤልቱ ሊበጠስ ነው ስላሉኝ አስቀየርኩት› ብሎ የሁለት ሳምንት ገቢ አስቀረ። የሠፈራችን ሹፌር ደግሞ ‹ቪትዝ ታይሚንግ ቤልት የሚባል ነገር የላትም፤ ልጁ እየበላሽ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከወንድሜ ጋር ሰላምታም የለንም። መኪናዬን ልቀማው ወይስ ልሽጠው?»

እህታችን፣ ከመቀማትም ከመሸጥም በፊት እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ወንድምዎ የወጣውን አሮጌ ዕቃ አሳይቶዎታል?

ሁለት መካኒኮች አነጋግሬ ነው ይህን የምጽፈው። የሠፈርዎ ሹፌር በአንዱ ነገር ልክ ነው። ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣች ጀምሮ የቤንዚን ሞተሮቿ ባለ ሰንሰለት ናቸው። ባለ 1000ውም፣ ባለ 1300ውም፣ ባለ 1500ውም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከታች ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ክራንክ ሻፍት አለ፤ ከላይ ቫልቮቹን የሚከፍት ካም ሻፍት አለ። ታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር ላይኛው አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ከዚህ ዝንፍ ካለ ሞተር የለም። ሁለቱን የሚያስተሳስረው እንግዲህ ወይ ጥርስ ያለው የጎማ ቺንጋ ነው፣ ወይ ሰንሰለት። ቺንጋው ከሞተሩ ፊት ለፊት በሽፋን ሥር ደረቁን ይሠራል፤ ሰንሰለቱ ግን ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ከዘይት ጋር ነው ኑሮው።

ይሁን እንጂ ልጁን ሌባ ለማለት አልቸኩልም። ቪትዝ ላይ በውጭ በኩል ዲናሞውን የምታዞር ሌላ ቺንጋ አለች። እሷ ስታረጅ ጠዋት ጠዋት ሲጥ ሲጥ ትላለች፣ ትሰነጣጠቃለች፣ ትቀየራለች። መካኒኩ «ቺንጋ» ሲል ልጁ «ታይሚንግ» ብሎ ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ግን እሷ የሁለት ሳምንት ገቢ አትበላም! ሌላም አለ፦ በትክክል የተቀየረው ሰንሰለቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ይህ የሞተሩን ፊት ከፍቶ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው፤ ገንዘብም ያስወጣል። እንዲህ ከሆነ ልጁ የተሳሳተው ስሙን ብቻ ነው።

ስለዚህ አሮጌውን ዕቃና ደረሰኙን ያምጣ። የብረት ሰንሰለት ካመጣ ይቅርታ የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። በቁመቱ መስመር መስመር ያለው ቀጭን ጎማ ካመጣ የዲናሞ ቺንጋ ነው፤ በታይሚንግ ዋጋ ያስከፈለውን ጋራዥ አብራችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። አግድም ጥርስ ያለው ጎማ ካመጣ ግን ከሌላ መኪና የወጣ ነው። ምንም ካላመጣ… ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

አሁን ደብዳቤው ያልነገረኝ ነገር ላይ ልምጣ። ዘይቱን የሚገዛው ማነው? ገቢውን ተቀብለው «የመኪናውን ነገር አንተ ቻል» ብለውት ከሆነ፣ እህታችን፣ ጥፋቱ ከዚያ ይጀምራል። የዛሬን ገቢ ለመሙላት የሚሮጥ ልጅ የዘይት ቅያሪ ለሳምንት ያስተላልፋል፣ ከዚያ ለሌላ ሳምንት። ማነው የማያስተላልፈው? ሰንሰለት ደግሞ በራሱ አይሞትም፤ የሚገድለው ዘይት ነው። ወጥሮ የሚይዘው ቴንሽነር በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ የሚገፋው በዘይቱ ግፊት ነው። ዘይቱ ከጎደለ ወይ ከቆሸሸ መገጣጠሚያዎቹ ይበላሉ፣ ሰንሰለቱ ይረዝማል፣ ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ካካካካ ይላል። ይህን ድምፅ ሰምቶ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ መፍትሔ አይደለም!

የመኪናው መጽሐፍ በ10,000 ኪሎ ሜትር ቀይር ቢል እንኳ አዲስ አበባ ለራይድ ለሚሠራ መኪና ግማሹ ነው ደጉ፤ 5,000። ቦሌ መንገድ ላይ ተቆልፎ የሚቆምበት ሰዓት በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ አይጻፍም፣ ሞተሩ ግን እየሠራ ነው። አቧራውንም ጨምሩበት። ደግሞ ትንሽ ሞተር የሚይዘው ከ3 እስከ 4 ሊትር ገደማ ነው። አንድ ሊትር ቢጎድልበት ሩቡ ወይ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ መለኪያውን መዞ ማየት ምንም አያስከፍልም።

«ወፍራም ዘይት ይሻላል» የምትሉም አትጠፉም። ለብዙዎቹ ቪትዞች የተጻፈው 5ደብሊው-30 ነው፤ አንዳንድ ጋራዥ ግን 20ደብሊው-50 ይሞላል። በአዲስ አበባ ብርድ ጠዋት ወፍራሙ ዘይት ሰንሰለቱና ቴንሽነሩ ዘንድ እስኪደርስ ይዘገያል፤ እስኪደርስ ደግሞ ብረት በብረት ነው። ጭስ ለመደበቅ የሚሞላም አለ፤ መኪና ስትገዙ ልብ በሉ። የእኔ አሳብ፦ ዘይትና ፊልትሮ ከገቢው ላይ ተቀናሽ ሆኖ በባለቤቷ ይገዛ፤ ልጁ መቀየሩን ብቻ ይከታተል። መኪናውስ የእርስዎ አይደል? ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አይገባም ካለ ወዲህ ይህችን ሞተር የሚተካ ሌላ ማግኘት ቀላል እንዳይመስልዎት።

ባለ ቺንጋዎቹስ? ስታርሌት ያላችሁ፣ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮሮላ ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። በቶዮታዎቹ የጎማው ዕድሜ ወደ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ጎማ ባይነዳም ያረጃል። የገዛችሁት ያገለገለ መኪና ከሆነ ቆጣሪውን ማን ወደ ኋላ እንደመለሰው ስለማይታወቅ ቀይራችሁ ጀምሩ። ቺንጋው ሲበጠስ እንደ 4ኤ-ኤፍኢ ያለው የኮሮላ ሞተር መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ አይሰበርም፤ ሌሎች ሞተሮች ላይ ግን ፒስተኑ ቫልቩን መትቶ ያጣምመዋል፣ ቴስታታው ይወርዳል። ለእነዚህ ዘይት ጠላት ነው። ከኦይል ሲሉ እያፈሰሰ ቺንጋውን ካረጠበው ጎማው ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ቺንጋው ሲቀየር ኦይል ሲሉም፣ ቴንሽነሩም ይታይ። በብዙ መኪኖች የውኃ ፓምፑንም የሚያዞረው እሱ ነው፤ አንድ ጊዜ ከተፈታ አይቀር አብሮ ይለወጥ።

(አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ፣ እንደ ፎርድ 1.0 ኢኮቡስትና ፔጆ 1.2 ፒዩርቴክ ባሉት ላይ የጎማ ቺንጋው ዘይት ውስጥ የሚዞርባቸው ሞተሮች አሉ። እነሱ ላይ ያልተፈቀደ ዘይት ጎማውን ያፈራርሰዋል፣ ፍርፋሪው የዘይት ፓምፑን ማጣሪያ ይደፍናል። የተጻፈውን ዘይት እንጂ የተገኘውን አትሙሉ።)

የተቀየረበትን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፋችሁ በሞተሩ ክዳን ውስጠኛ ፊት ለጥፉት። መኪናው ሲሸጥ ለገዢውም ይጠቅመዋል፤ ዋጋም ይጨምርላችኋል።