ሸክላ ላይ የዘፈኑት ነጋድራስ

ወለቃ ያደገ ልጅ «ሸክላ» ሲባል ትዝ የሚለው ጀበና ነው፤ ምጣድ ነው፤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ለእንግዳ የሚደረደረው የጭቃ አንበሳ ነው። ባለፈው እሑድ ለወንድሜ ልጅ «ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እኮ ሸክላ ላይ ዘፍነዋል» ብለው፣ «ጋን ላይ ቆመው?» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ አይፈረድበትም። በእኛ ጊዜ ሸክላ ማለት ግራሞፎን ላይ የሚሽከረከረው ጥቁር ክብ ነገር እንደነበር ማስረዳት ነበረብኝ።

ወሬው የመጣው በጠብ ነው። ልጁ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ መሰንቆ ይዞ አንድ የሰፈር ሠርግ ላይ ሙሽራውንም ሚዜዎቹንም በግጥም እየነካካ ሰውን ሲያስቅ አመሸ። በማግሥቱ አባቱ መሰንቆውን ቀምቶ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። «ያስተማርኩህ አዝማሪ እንድትሆን ነው?»

ወንድሜ ይህን ከራሱ አላመጣውም። እኛ አገር ሰው በአዝማሪ ይስቃል፣ ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል፤ ልጁን ግን አይድርለትም። ሸክላ ሠሪዋንስ? በጀበናዋ ቡና እየጠጣን ስሟን ስናጠፋ አልኖርንም? ወለቃ ላይ ተቀምጦ ይህን ማሰብ ይከነክናል።

ነጋድራስ ተሰማ ምንጃር በ1869 ዓ.ም. የተወለዱ ናቸው። ለእንጀራ ብለው መሰንቆ ያነሡ ሰው አልነበሩም፤ የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩ። ግን ተረበኛ ናቸው። ግጥማቸው ሰምና ወርቅ ነው፦ ሰሙ የገባው ወዲያው ይስቃል፣ ወርቁ የገባው ቤቱ ሲደርስ። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ወደ ጀርመን የላኳቸው የአውቶሞቢል ነገር እንዲማሩ ነበር፤ መኪና አዲስ አበባ የገባው ገና ያኔ ነው። እሳቸው እዚያው በርሊን ድምፃቸውን በ17 ሸክላዎች አስቀረጹ። የኢትዮጵያ ዘፈን በሸክላ የተጀመረው በእነዚህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ እንዴት እንደቻሉት ነው። ሠርግ ቤት የሚጫወት ሰው «ተቀበል!» የሚለው አለ፤ እልል የምትልለት አለች፤ ያኮረፈ እንግዳ አይቶ ግጥሙን ወደዚያ ያዞራል። በርሊን ላይ ግን ማይክሮፎን እንኳ አልነበረም፤ የሚዘፈነው አፉ ለሰፋ ጥሩምባ ነው። ያውም የሸክላው አንድ ገጽ ከሦስት አራት ደቂቃ ስለማያልፍ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚወርድ ጨዋታ እዚያ ውስጥ መጠቅለል አለበት።

ሙያው በሌላም አገር እንዲሁ ነበር። ለንደን ውስጥ ዳን ሌኖ የሚባል ቀልደኛ ዘፋኝ በልጅነቱ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ኋላ ንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ፊት ተጫውቷል፤ እሱም ሸክላ አስቀርጿል። በ43 ዓመቱ፣ አእምሮው ታውኮ ከቆየ በኋላ፣ ሞተ። ይህን ለወንድሜ አልነገርኩትም፤ ክርክሬን ያበላሽብኛል።

ተሰማ ነጋድራስ የተባሉት በልጅ እያሱ ዘመን ነው። እያሱ በ1909 ዓ.ም. ከዙፋን ሲወርዱ የወዳጅነቱ ዕዳ ለእሳቸውም ተረፈ፤ ክፉ ቀን አዩ። ግጥሙ ግን አልቀረም።

እዚህ ላይ ወንድሜ፣ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ የቆየው፣ የአባት ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ልጆቹስ ምን ሆኑ?»

ቅዱስ ጊዮርጊስን ከልጅነቱ ጀምሮ ይደግፋል። «ይድነቃቸው ተሰማን አታውቃቸውም?» አልኩት። ደነገጠ። ለጊዮርጊስ የተጫወቱት፣ በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ ስንበላ ያሠለጠኑት፣ ኋላም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን እስኪሞቱ ድረስ የመሩት ይድነቃቸው የእኚሁ የመሰንቆ ሰው ልጅ ናቸው። የአባታቸውንም ግጥሞች «ሰምና ወርቅ» በሚል መጽሐፍ ያሰባሰቡት እሳቸው ናቸው። በአባቱ ያፈረ ልጅ እንዲህ አይደክምም።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ የተሰማን ድምፅ ከፈትኩላቸው። ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ነው፤ ሸክላው ይንጫጫል፣ ቃሉ አልፎ አልፎ ይጠፋል። ልጁ ጆሮውን አስጠግቶ አንዷን ስንኝ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ በሦስተኛው ብቻውን ሳቀ። ወርቁ ገባው መሰለኝ። እኔ አልገባኝም ነበር፤ ብጠይቀውም አልነግርም አለ።

ስነሣ መሰንቆው አሁንም ቁም ሣጥኑ ላይ ነበር። ወንድሜ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። ባጃጅ ስንጠብቅ ዘወር ብሎ፣ «የመሰንቆ ጭራ በዕጣን ነው አይደል የሚታሸው?» አለኝ።