አሮጌው ዲስክ ከመግባቱ በፊት

በመሥሪያ ቤትዎ ወይም በትምህርት ቤትዎ ቁም ሣጥን ጥግ፥ ከእጅ መዳፍ የማትበልጥ፥ በላይዋ የተጻፈው አማርኛ የደበዘዘ ፍሎፒ ዲስክ አግኝተው ያውቁ ይሆናል። ከዕቃ ግምጃ ቤት አሮጌ ኮምፒዩተር አስወጥተው ወዲያው ሊከቷት ቢቸኩሉ አይፈረድብዎትም። ነገር ግን እባክዎ ይታገሡ። 30 ዓመት የቆየ ጽሕፈት ለማንበብ በተሞከረባት ደቂቃ ሊጠፋ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሎፒ ዲስክ ማለት ማግኔትነት ያለው ቅብ የተቀባ ስስ ፕላስቲክ ነው። ድራይቭ በሚባለው ማንበቢያ ውስጥ በደቂቃ 300 ጊዜ ያህል ሲሽከረከር፥ ባለሙያዎች ሄድ የሚሉት ትንሽ ዕቃ ገጹን እየነካ ያነባል። እኛ ባለንበት በዋጫ፥ ከፋን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚመሰክረው፥ ዝናቡ ብዙ ወር ስለሚቆይ በሣጥን የተቀመጠ ጫማ እንኳ ይሻግታል፤ ዲስክም ከጫማ አይሻልም። የሻገተች ዲስክ ስትገባ ሻጋታው በሄዱ ላይ ይለጠፋል፤ የቆሸሸውም ሄድ ቀጥላ የምትገባውን ጤነኛ ዲስክ ይፍቃታል። ስለዚህ አስቀድመው የብረት መዝጊያዋን ገፋ አድርገው፥ በብርሃን ፊት እያዞሩ ነጭ ነጠብጣብ እንዳለባት ይመልከቱ።

ድራይቩን ማደስ ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩን ነቅለው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ሁለቱን ሄዶች የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በንጹሕ አልኮል ነክረው በቀስታ ይጥረጉ። (አረቄም አልኮል ነው ብለው የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ፤ አረቄውን ለእንግዳ ያቆዩት፥ ውሃ ይበዛበታል።) የላይኛው ሄድ በስስ ብረት የተያዘ ስለሆነ ወደ ላይ አይጎትቱት፤ ከተጣመመ አለቀለት። ሄዱ የሚንሸራተትበት ዘንግ ላይ ያለው ግራሶ በዘመን ብዛት ይደርቃል። ሄዱ ግን 80 መሥመሮችን ማዳረስ አለበት፤ በትናንሾቹ ዲስኮች ላይ በአንዱና በሌላው መሥመር መካከል ያለው ርቀት 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የደረቀውን ጠርገው ጥቂት አዲስ ይቀቡ። ሄዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር የያዙትን ብሎኖች ግን አይንኩ፤ ከቦታቸው ከተዛነፉ ድራይቩ ራሱ የጻፈውን ብቻ እያነበበ የሌላውን እምቢ ይላል። ከዚያ በኋላ በማያሳዝን ዲስክ ይሞክሩት።

ይህ ሁሉ በአሮጌ ብረት መጫወት ነው የሚል አለቃ ከገጠመዎ፥ የጃፓን መንግሥት ሰነድ በፍሎፒ ይቅረብ የሚሉ ደንቦቹን የሰረዘው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 መሆኑን ይንገሩት።

ድራይቩ ከተጠገነ በኋላም አንድ ቁልፍ ይቀራል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሰንጠረዥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ለ«ሀ»ና ለ«ለ» የየራሳቸውን ቁጥር ይሰጡ ነበር። በዚህ ምክንያት ደኅነኛው ፋይል ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል፤ አዲስ የተቀጠረውም ጸሓፊ ተበላሽቷል ብሎ ይደመስሰዋል። እርስዎ እንዳለ ይገልብጡት፤ የፕሮግራሙን ስም በወረቀት ጽፈው አብረው ያኑሩ፤ የፕሮግራሙ ዲስክ በዚያው ቁም ሣጥን ከተገኘም ማንም እንዳይጥለው ይቆልፉበት።