የቤት መቆጣጠሪያ ሣጥን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲተከል



ለሠራተኛ እናት ከቤት ወጥቶ መዋል ማለት እግር ወጥቶ ልብ ቤት መቅረት ማለት ነው። ቦይለሩ ጠፍቷል ወይ? የወጥ ቤቱ ቧንቧ ተዘግቷል ወይ? ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገቡ ወይ? ይህ ሐሳብ በታክሲ ሰልፍ ላይም በሥራ ገበታ ላይም ይከተላታል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ጭንቀት ያቃልላል የተባለ ዕቃ ወደ ከተማ ቤቶች መግባት ጀምሯል። አንዳንዱ ከዱባይ በሻንጣ ይመጣል፤ አንዳንዱን ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ይልኩታል። የቤት መቆጣጠሪያ ሣጥን ነው። ይሁንና አተካከሉን የሚያስረዳ ሰው በመታጣቱ ዕቃው ቡፌ ላይ አቧራ ሲጠጣ የሚኖርበት ቤት አይጠፋም። ስለዚህ በዛሬው ዓምዳችን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚተከልበት ሁኔታ እንነጋገራለን።

ሣጥኑ በመጠኑ ከኪስ መጽሐፍ የማይበልጥ ኮምፒዩተር ነው። በራሱ መብራት አያበራም፣ ውኃ አይዘጋም። የእርሱ ሥራ ማሰብ ነው። እጅና ዓይን የሚሆኑለት ለብቻቸው የሚገዙ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። ሲታዘዝ የሚበራና የሚጠፋ ሶኬት፣ በር መከፈቱን የሚያውቅ ጠቋሚ፣ ወለል ላይ ውኃ መፍሰሱን የሚናገር ጠቋሚና የመሳሰሉት ማለት ነው። እነዚህ ከሣጥኑ ጋር የሚነጋገሩት በሬድዮ ሞገድ ሲሆን በብዛት የሚገኘው ዚግቢ የተባለው ነው።

ሣጥን ስትመርጡ በመጀመሪያ የምትጠይቁት ጥያቄ ዋጋው ሳይሆን «የሚያስበው የት ነው?» የሚል ይሁን። አንዳንዱ ሣጥን ትእዛዙን ሁሉ ባሕር ማዶ ወዳለ የኩባንያ ኮምፒዩተር ልኮ መልስ ይጠብቃል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ እርሱም ዝም ይላል፤ ኩባንያው አገልግሎቱን ያቆመ ዕለት ደግሞ ዕቃው ከጌጥነት አያልፍም። ሌላው ሐሳቡን የሚጨርሰው እቤት ውስጥ ነው። በእኛ አስተያየት ለኢትዮጵያ ቤት የሚሻለው ይህ ሁለተኛው ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይሠራል፤ የቤተሰቡ መውጫና መግቢያ ሰዓትም ከቤት አይወጣም። ለምሳሌ ያህል ሆም አሲስታንት የተባለውን እንውሰድ። ፕሮግራሙን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 የጀመረው ፓውሉስ ስኹትሰን ነው፤ በነፃ የሚታደል ሲሆን ከ2024 ጀምሮ ኦፕን ሆም ፋውንዴሽን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ይዞታል። ፕሮግራሙ ተጭኖበት የሚሸጥ ግሪን የተባለ ሣጥን በ2023 ወጥቷል። ግሪን ዋይፋይ የለውም፤ ከራውተሩ ጋር የሚገናኘው በገመድ ነው። የዚግቢ አንቴናም ስለሌለው ለብቻው መግዛት ያስፈልጋል።

አሜሪካ ያለች እኅት ልላክላችሁ ስትል ሣጥኑንና አንቴናውን እሺ በሏት፤ የሣጥኑ ቻርጀር 220 ቮልት መቀበሉ ግን ጀርባው ላይ ይነበብ። ሶኬትና አምፑል ግን ከዚያ አይምጣ። የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ዕቃ እኛ ዘንድ ሲሰካ ይቃጠላል። ለአውሮፓ የተሠራው ቮልቱም ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒናውም ይስማማናል።

ወደ ተከላው እንለፍ። ቤቱ ረጋ የሚልበትን ከሰዓት በኋላ ምረጡ። ሣጥኑን በገመዱ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ወደ ኤሌክትሪክ ሰኩት። አንቴናውን ከሣጥኑ ጀርባ አጣብቃችሁ አትሰኩት፤ በአጭር ማራዘሚያ ገመድ አርቃችሁ አስቀምጡት። ዚግቢና ዋይፋይ ሁለቱም 2.4 ጊጋ ኸርዝ በሚባለው ሞገድ ስለሚጠቀሙ፣ ተጠጋግተው ሲቀመጡ እንደ ገበያ ጫጫታ አንዱ የሌላውን ድምፅ ይውጣል። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። በዚያው ራውተር ላይ ባለ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር የሣጥኑን አድራሻ ስትጽፉ የመጀመሪያው ገጽ ይከፈታል። አድራሻው ሆምአሲስታንት፣ ነጥብ፣ ሎካል፣ ቀጥሎ ሁለት ነጥብና 8123 ነው። ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ይህ የመጀመሪያው ስም የቤቱ ባለቤት ተብሎ ስለሚመዘገብ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ቀጥሎ የምትኖሩበትን ቦታ ይጠይቃል። ፀሐይ መቼ እንደምትጠልቅ ያሰላበታልና በትክክል አመልክቱ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ነገር አለ። ሣጥኑ ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ተነሥቶ ነው። የቀኑን ሰዓት ለመለወጥ 6 ደምሩ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት 14፡00 ይሆናል። ለምሽትና ለሌሊት 18 ደምሩና ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ። ከምሽቱ 1 ሰዓት 19፡00፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ደግሞ 05፡00 መሆኑ ነው። ቦይለሩ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንዲበራ ፈልጋ 11፡00 ብላ የጻፈች እናት ልጆቿን በቀዝቃዛ ውኃ ታጥባለች፤ ቦይለሩ ደግሞ ሰው በሌለበት ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቆጣሪ ሲያዞር ይውላል።

ለመሆኑ መጀመሪያ ምን ይገናኝ? የሻጭ ማስታወቂያ ቀለም በሚለዋውጥ አምፑል እንድትጀምሩ ይመክራል። እኛ ግን በውኃ ጠቋሚው ጀምሩ እንላለን። ምክንያቱን ፎቅ ቤት የሚኖር ሁሉ ያውቀዋል። ጠዋት ውኃ የለም። አንድ ሰው ቧንቧውን ይከፍታል፣ ጠብ አይልም፣ ሳይዘጋው ይወጣል። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ውኃው ይመጣል። ሳህን የታጨቀበት ገንዳ ሞልቶ ወለሉን ያጥለቀልቃል፤ ምንጣፉ ይርሳል፣ በስንጥቁ ወርዶ የታችኛውን ጎረቤት ኮርኒስ ያበሰብሳል። ከዚያ በኋላ ያለውን ንትርክና ወጪ መዘርዘር አያሻም። የውኃ ጠቋሚው የሻይ ስኒ ማስቀመጫ የምታህል፣ በባትሪ የምትሠራ፣ ከሥሯ ሁለት የብረት ነጥቦች ያሏት ዕቃ ናት። ውኃ ሁለቱን ነጥቦች ሲያገናኝ ለሣጥኑ ትናገራለች። አንዷን ከወጥ ቤቱ ገንዳ ሥር፣ ሌላዋን መታጠቢያ ቤት ደጃፍ አስቀምጡ።

ለማገናኘት በሣጥኑ ገጽ ላይ «ዕቃ ጨምር» የሚለውን ትነኩና የጠቋሚዋን ቁልፍ መብራቷ ብልጭ ድርግም እስኪል ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭናችሁ ትይዛላችሁ። ስሟ ሲመጣ «የወጥ ቤት ገንዳ» ብላችሁ በአማርኛ ሰይሟት፤ በውጭ ቋንቋ ከነቁጥሩ ከተዋችሁት ከወር በኋላ የትኛዋ የት እንዳለች አታውቁም። ቀጥላችሁ ትእዛዙን ትሰጣላችሁ። ውኃ ከታየ ለስልካችሁ መልእክት ይላክ፣ ቤት ያለው ደወልም ይጩኽ። ለመልእክቱ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ለደወሉ አያስፈልግም። መጨረሻ ላይ በጨርቅ ውኃ ነክታችሁ ሞክሩት፤ ያልተሞከረ ደወል እንደሌለ ይቆጠራል። አቅም የፈቀደላት የዋናውን ቧንቧ መዝጊያ እጀታ የሚያዞር ትንሽ ሞተር ልትጨምር ትችላለች። መብራት ሲጠፋ ግን ሞተሩም ዝም ስለሚል የታችኛው ቤት ሰው ስልክ ቁጥር አይጣል።

ጠቋሚዋ ከሣጥኑ ርቃ የማትሰማ ከሆነ በመካከል አንድ የዚግቢ ሶኬት ሰኩ። ኤሌክትሪክ ላይ የሚሰኩት ዕቃዎች መልእክት ይቀባበላሉ፤ በባትሪ የሚሠሩት አይቀባበሉም።

አሁን ስለ ከባድ ዕቃዎች እንናገር፤ ቀልድ የለበትምና በጥሞና ይነበብ። የእንጀራ ምጣድ በእነዚህ ሶኬቶች ላይ ፈጽሞ አይሰካም። 3500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ይህም የትልቁ ሶኬት የመጨረሻ ልክ ነው። ሰዓታት ሙሉ ሲጋገርበት ይግላል፣ ይቀልጣል፣ እሳት ያስነሣል። 2000 ዋት ቦይለር 9 አምፔር ያህል ይወስዳልና 10 የሚል ሳይሆን 16 አምፔር የሚል ሶኬት ይፈልጋል። ቦይለሩ ያለ ስፒና በቀጥታ ከግድግዳ የተሳበ ከሆነ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ተዉት፤ እርሱም ብሬከሩን አጥፍቶ ይሥራ። ምድጃና ካውያን ከሩቅ ማብራት ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ። ባዶ ቤት ውስጥ ማጥፋት እንጂ ማብራት ምን ይሠራል?

ከሰል የሚያነድዱ ቤተሰቦች የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ቢገዙ መልካም ነው። ይህ መርዛም አየር ሽታም ቀለምም የለውም። ጠቋሚው ግን በራሱ ባትሪ፣ በራሱ ደወል የሚጮኽ ይሁን፤ ሣጥኑ ሁለተኛ መልእክተኛ ብቻ ነው። ጠቋሚ አለን ብሎ የከሰል ፍም በተዘጋ መኝታ ቤት ማሳደርም አይገባም።

መብራት መጥፋት የታወቀ ነገር ነው። ሣጥኑና ራውተሩ ትንሽ የመጠባበቂያ ባትሪ ይኑራቸው፤ በድንገት መጥፋት በተለይ ማኅደሩ በትንሽ የማስታወሻ ካርድ ላይ ያለውን ሣጥን ይጎዳል። እንዲሁም እያንዳንዱ ሶኬት መብራት ሲመለስ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለው። ለቦይለሩ «ጠፍቶ ይቆይ» የሚለውን ምረጡ። አለዚያ ሌሊት መብራት በተመለሰ ቁጥር ይበራል።

ስለ ባለቤትነቱ እንመለስበታለን ብለን ነበር። በብዙ ቤት ሣጥኑን የሚተክለው ባል ወይም ጎረምሳ ልጅ ነው፤ ስሙም ስልኩም የእርሱ ብቻ ይሆናል። እናት የምታዝዝበት ቤት ቁልፍ በሌላ ሰው ኪስ ገባ ማለት ነው። ነገሩ የማይረባ ቅሬታ አይደለም። በ2018 ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ፣ በአሜሪካ ባሎችና የቀድሞ ጓደኞች በእነዚሁ ዕቃዎች ሴቶችን ሲከታተሉና ሲያስጨንቁ መገኘታቸውን ዘግቧል፤ ሳይነካ የሚበራ መብራት፣ ቁጥሩ የተለወጠ የበር ቁልፍ፣ የሚያዳምጥ ካሜራ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ለሁለቱም አዋቂዎች የየራሳቸው ስምና የይለፍ ቃል ይውጣ፤ ሁለቱም ሙሉ ሥልጣን ይኑራቸው። ይህን መጠየቅ አለመተማመን ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ የቤት ካርታ በሁለት ስም እንደሚጻፈው ነው።

ካሜራ ለመጨመር የምታስቡ ደግሞ የቤት ሠራተኛችሁን አስቡ። እርስዋም የሰው ልጅ ናት። ካሜራ በደጅ ወይም በግቢ ይሁን፤ የምትተኛበትና የምትታጠብበት አይነካ፤ መኖሩም በግልጽ ይነገራት። አያቶችም ሆኑ ሠራተኛዋ ስልክ ሳይዙ የሚጠቀሙበት የግድግዳ ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ድሮው መሥራት አለበት። መብራት ለማብራት ልጅ መጥራት የሚያስፈልጋት አያት ካለች ተከላው አልተጠናቀቀም።

ሁሉም ነገር ከሠራ በኋላ ሣጥኑን የራሱን መጠባበቂያ ቅጂ እንዲያዘጋጅ እዘዙት፤ ቅጂውም በሌላ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ላይ ይቀመጥ። ቅጂው የሚከፈትበትን ቁልፍ ቃል ከይለፍ ቃሎቹ ጋር በወረቀት ጽፋችሁ የልደት ካርድና የቤት ውል በሚቀመጥበት ፋይል ውስጥ ክተቱት። ተከራይ የሆናችሁ ደግሞ ከግድግዳ የምታወጡትን አሮጌ ማብሪያ ማጥፊያ ከነብሎኑ በላስቲክ ቋጥራችሁ አኑሩት፤ ቤቱን ስትለቁ መልሶ ይገጠማል።