የሰው ምሥጢር አደራ ነው

በሰው እጅ የተቀመጠ አደራ፥ ዘመኑ ቢረዝምም የተቀባዩ ገንዘብ አይሆንም። ይህ ሕግ ለወርቅና ለብር እንደሚሠራ ሁሉ፥ የሰው ስም፥ ዘመድ፥ መኖሪያና አሳብ በኢንተርኔት ለሚጻፍባቸው መዝገቦችም ሊሠራ ይገባል። ታላላቆቹ ኩባንያዎች ለብዙው አገልግሎታቸው ገንዘብ አይጠይቁም፤ ነገር ግን ተጠቃሚው የሚወደውንና የሚፈልገውን እየመዘገቡ በማስታወቂያ ታላቅ ሀብት ያገኙበታልና፥ አገልግሎቱ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነው ማለት አይቻልም።

ከዚህ የሚመጣው ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በፌስቡክ የተፈጸመው ነገር አስረድቷል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. አንድ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሰውን ጠባይ የሚመረምር መጠይቅ በፌስቡክ ላይ አቀረበ። ፈቅደው የተቀበሉት 270,000 የሚያህሉ ሰዎች ነበሩ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ የነበረው አሠራር የአንዱን ፈቃድ ለወዳጆቹም እንደ ፈቃድ ይቈጥር ስለ ነበረ፥ ኩባንያው ራሱ በ2018 ዓ.ም. እንደ ገለጠው፥ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ ሰዎች መረጃ ካምብሪጅ አናሊቲካ ለተባለው የምርጫ አማካሪ ድርጅት ሳይተላለፍ አልቀረም።

በዚህ ነገር ሊስተዋል የሚገባው፥ መዝገቡን ሌባ ሰብሮ ያልወሰደው መሆኑ ነው። መረጃውን ለሌላ ማሳለፍ በፌስቡክ ደንብ የተከለከለ ቢሆንም፥ ወደ ወዳጆች መዝገብ የሚያስገባውን በር ከፍቶ የተወው አደራ ጠባቂው ራሱ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2018 ዓ.ም. ኩባንያውን 500,000 ፓውንድ ቀጣ፤ የቀድሞው ሕግ ከዚህ በላይ አይፈቅድም ነበርና። አሜሪካም በ2019 ዓ.ም. 5 ቢሊዮን ዶላር አስከፈለች። ይሁን እንጂ ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ቅጣቱ ግምጃ ቤት ቢገባም የወጣው ምሥጢር ወደ ባለቤቱ አልተመለሰም።

ስለዚህ የሚጠቅመው አስቀድሞ የሚከለክል ሕግ ነው። በ2018 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ፥ ለአንድ ጉዳይ የተሰበሰበ መረጃ ከዚያ ጋራ ለማይስማማ ጉዳይ እንዳይውል ያዛል። ይህም ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም፤ ለንስሐ አባት የተነገረ ነገር ለነፍስ መድኃኒት እንጂ ለሌላ ጉዳይ አይውልምና።

በኢትዮጵያም የሕገ መንግሥቱ 26ኛ አንቀጽ የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም ሥርዓቱን ዘርዝሯል። አዋጁ ግን የሚጸናው በሚፈጽሙት ሰዎች ነው። የሕዝብ መዝገብ በእጁ ያለ ሹም ለሥራው የማያስፈልገውን አይጠይቅ፤ የተቀበለውንም ለማይመለከተው አያሳይ። የውጭውን ኩባንያ ስለ አደራ ለመውቀስ የሚበቃ፥ በገዛ ሣጥኑ ያለውን አደራ የጠበቀ ነው።