ሻዩን ለሻይነቱ ተዉት

ሣጥኑ አረንጓዴ ነው። ፊቱ ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ወገቧ ላይ ሜትር ጠምጥማ ትስቃለች፤ ከጎኗ «አንቲኦክሲዳንት» የሚል ቃል በደማቁ ተጽፏል። እንዲህ ያለ ሣጥን ለማየት ቦሌ ድረስ መሄድ ቀርቷል፤ ሚዛን ተፈሪም ቴፒም ከቅባትና ከሻምፖ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። «ግሪን ቲ ነው፤ ስብ ያቃጥላል፤ ቦርጭ ያጠፋል» ይባላል። ገዢዋም ታምናለች። ለምን አታምን? ቲክቶኩም ቴሌግራሙም የሚላት ይህንኑ ነው።

የሚያስቀው ሣጥኑ የሚመጣበት መንገድ ነው። ባሕር ተሻግሮ አዲስ አበባ ይገባል፤ ከዚያ በጅማና በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ሲወርድ የውሽውሽን የሻይ ማሳ አጠገቡ እያየ ያልፋል። ተክሉ ያው ተክል ነው። ቅጠሉ እንደተለቀመ በእንፋሎት ወይም በጋለ ምጣድ ከተመታ አረንጓዴ እንደሆነ ይደርቃል። ተጨፍልቆ አየር እንዲያገኘው ከተተወ ደግሞ ይጠቁራል፤ ካቴኪን የሚባሉት ውህዶቹም አብዛኞቹ መልካቸውን ይለውጣሉ። የአረንጓዴውና የጥቁሩ ልዩነት ይኸው ነው።

ወሬው ከባዶ አልተነሣም። እ.ኤ.አ. በ1999 ስዊዘርላንድ ውስጥ 10 ጤናማ ወንዶች በታሸገ ክፍል ውስጥ ሆነው የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ ሲወስዱ፣ ሰውነታቸው በ24 ሰዓት የሚያወጣው ጉልበት 4 ከመቶ ያህል ጨምሮ ተገኘ። 10 ሰው፣ 4 ከመቶ። ነጋዴ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ሚዛን ላይ ወጥቶ ኪሎውን ማየት ግን ሌላ ነገር ነው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና መረጃ መርማሪ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 በ1,945 ሰዎች ላይ የተደረጉ 18 ጥናቶችን መረመረ። ከጃፓን ውጭ የተደረጉት አንድ ላይ ሲሰሉ ሻዩን የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ የቀነሱት በአማካይ 0.04 ኪሎ ሆነ። አርባ ግራም፤ የአንዲት የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ክብደት ማለት ነው። እሷም ብትሆን በአጋጣሚ ልትመጣ የምትችል ናት ሲል ተቋሙ ደመደመ።

ደግሞስ ሻዩ እንዴት ነው የሚጠጣው? በእኛ አገር ብርጭቆው ውስጥ ሦስት ማንኪያ ስኳር ካልገባ ሻይ ተጠጣ አይባልም። ሦስት የሻይ ማንኪያ ወደ 50 ካሎሪ ይጠጋል፤ በቀን አራት ብርጭቆ የሚጠጣ ሰው 200 ካሎሪ ያስገባል። ስኳሩን ትቶ የከሳ ሰው ምስጋናውን ለካቴኪን ቢሰጥ ስኳሩ ምን ይበል!

ሞቅ ያለ ሻይ ማንንም አይገድልም። ክኒኑና የተጨመቀው ዱቄት ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳስታወቀው፣ ከካቴኪኖቹ ዋናውን በተጨማሪ ምግብ መልክ በቀን 800 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ መውሰድ የጉበት ጉዳት ምልክት ሊያስከትል ይችላል። ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ደግሞ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያግዳል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 24 ከመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው፤ 22 ከመቶው ከሚገባው በላይ ከሲታ፣ ከልክ በላይ የወፈሩት 8 ከመቶ ብቻ። የማክሻ ሻይ የሚሰበከው ለዚህች አገር ነው።

ቡና አምራቹ ምድር «ይህ የሻይ ጣጣ ነው» ብሎ እንዳይዝናና። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ ዶክተር ኦዝ በቴሌቪዥን ዝግጅቱ ያልተቆላ የቡና ፍሬ ጭማቂን የማክሻ ተአምር አድርጎ አስተዋወቀ፤ ገበያውም ጦፈ። ከጀርባው የነበረው ጥናት ሕንድ ውስጥ የተደረገ፣ ተሳታፊዎቹም 16 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ሲመረምረው የተሳታፊዎቹ ክብደት ተደጋግሞ ተቀይሮ እንደተጻፈ ገለጸ። ጥናቱን ያሠራው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 3.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ጽሑፉም በዚያው ዓመት ከመጽሔቱ ተሰረዘ። ቤበቃና ቴፒ ላይ ቡና ለቃሚው ቀይ ፍሬ ሲለቅም ከዚህ ሁሉ ግርግር ሽታው እንኳ አልደረሰውም።

አሁን ተራው የቅጠሉ ይመስላል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2020 የቡና ቅጠል ሻይ ገበያው ላይ እንዲሸጥ ፈቅዷል፤ የፈቀደው መጠጥ ነው እንጂ ማክሻ አይደለም። ቤንች፣ ሸኮና ካፋ ውስጥ ግን ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ ከዚያ ፈቃድ በፊት ስንት ትውልድ ተጠጥቷል። ቅጠሉ ለብ ይደረግና ይወቀጣል፤ ከዝንጅብል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጤና አዳም፣ ከኮረሪማና ከሚያቃጥል በርበሬ ጋር ይፈላል። የሚጣፍጠው በጨው ነው፤ ስኳር አያውቀውም። ያቺ ሜትር የጠመጠመች ሴት ወደ ጨሞ ማሸጊያ ልትዛወር ትንሽ ቢቀራት ነው። ገበሬው ግን ጠዋት ከተቀቀለ ጎደሬ ጋር ፉት ብሎ ገጀራውን አንሥቶ የሚወጣው ሊከሳ ሳይሆን እስከ ምሳ ጉልበት እንዲሆነው ነው።