ሙድ የሚይዝባችሁ ጓደኛ ስንት ያስከፍላችኋል?

«ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» ይባላል። ግን ጊደሯን ከአህያው ጋር ያሰማራት ማን ነው? የግቢ ጓደኝነትም እንዲሁ ነው። ዩኒቨርሲቲውን የሚመድበው መንግሥት ነው፣ ዶርሙንም ግቢው። ከቤቱ ርቆ የሄደ ፍሬሽማን በመጀመሪያው ሳምንት ያገኛቸው ልጆች ጓደኞቹ ሆነው ይቀራሉ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ብሩስ ሳሰርዶት እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት፣ በዳርትመዝ ኮሌጅ በዕጣ አንድ ክፍል የደረሳቸው ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ውጤት ጭምር እንደሚነካ አሳይቷል።

ችግሩ የዶርሙ ልጅ ሙድ ያዥ ሲሆን ነው። በአነጋገራችሁ፣ በልብሳችሁ፣ በቤተሰባችሁ ይቀለዳል። ከከፋችሁ «ቀልድ እኮ ነው፣ አታካብዱ» ትባላላችሁ። አሳይመንቱን አንድ ሰው ይሠራል፣ ስም የሚጻፈው የአምስት ሰው ነው። እምቢ ያለ ምሳ ሰዓት ላይ የሚጠራው ያጣል። ይሄ ሲደጋገም ሰው በራሱ ፍርድ ማመን ያቆማል፤ «ችግሩ እኔ ነኝ እንዴ?» ማለት ይጀምራል። እንቅልፍ ይጠፋል፣ ክላስ ያስጠላል። ቤት ገብቶ ማረፍ ደግሞ የለም፤ የሚያቆስለው ሰው ላይኛው አልጋ ላይ ነው የተኛው።

ታዲያ ለምን አይለያዩም? ኢኮኖሚክስ ውስጥ የማይመለስ ወጪ የሚባል ነገር አለ። «ሁለት ዓመት አብረን በልተን እንዴት?» እንላለን። ያ ሁለት ዓመት ግን ብትቆዩም ብትሄዱም አይመለስም። መጠየቅ ያለበት ቀጣዩ ሴሚስተር የሚያስከፍለው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ፤ እዚያ ወንበር ላይ እያንዳንዱ ብቻውን ነው የሚቀመጠው።

በእርግጥ እውነቱን የሚነግር ሁሉ መርዛማ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፦ ጓደኛ ጉድለታችሁን ለብቻችሁ ይነግራችኋል፣ ሙድ ያዥ ተመልካች ይፈልጋል።

ለመራቅ ጠብ አያስፈልግም። መጀመሪያ ከዶርሙ ውጪ አንድ ሰው አግኙ፤ ከሌላ ዲፓርትመንት ወይም ከክበብ። አሳይመንቱ ላይ የሠራ ሰው ስም ብቻ ይጻፍ። ዶርም መቀየር ከተቻለ ጠይቁ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካሉ ደግሞ የግቢውን የምክር አገልግሎት አንኳኩ፤ አያሳፍርም። ግቢዎችም የዶርም ቅያሬ ጥያቄን እንደ ቅብጠት ማየት ቢያቆሙ ጥሩ ነው። ምደባው የእናንተ ምርጫ አልነበረም፣ ጓደኝነቱ ግን የእናንተ ነው።